የወንድሜ እትብት

ኮዬ ፈጬ ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ፣ በዓል ሲቃረብ በግ ነጋዴዎች ይሰፍራሉ። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ከሥራ ስመለስ አንደኛው የድርቆሽ እስር ፈትቶ ለበጎቹ ሲበትን ደረስኩ። ሽታው ሲመጣብኝ ቆምኩ። ሰውዬው የምገዛ መስሎት «እህቴ፣ ሙክት ነው የፈለግሽው?» አለኝ። እንደ ልማዴ አፈርኩና «አይ፣ ዝም ብዬ ነው» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

«የሱሉልታ ድርቆሽ የበላ ነው እኮ!» ሲል ከኋላዬ ይሰማኛል።

እሱስ ባይነግረኝም አውቄዋለሁ። የሱሉልታ ድርቆሽ ማገጥ የሚባል አበባማ ሣር ስለሚበዛበት ነው መሰለኝ፣ ከአቧራው ሥር ማር ማር የሚል ነገር አለው። ቤት ገብቼ ቦርሳዬን እንኳን ሳላስቀምጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ሦስተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ረብሻ የተነሳበት ዓመት፣ ወንድሜ የተወለደበት ዓመት፣ ሁሉም በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ሱሉልታ የሄድነው ፒያሳ የተከራየነው ቤት ሲፈርስ ነው። አባቴ አዲስ አበባ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ እንጦጦን ይሻገራል፣ ሲመሽ ይመለሳል። የተከራየነው የኦቦ ደገፋ ግቢ ውስጥ ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ኦቦ ደገፋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ ይባላሉ። የመጨረሻ ልጃቸው ገመቹ ሁለተኛ ደረጃ ይማራል፤ ሌንሴ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ናት፣ እኩያዬ።

ከግቢው ጀርባ ሜዳው ይጀምራል። ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል፤ በመስከረም ይደርቅና ሣሩ እስከ ወገቤ ይደርሳል። በጥቅምት ይታጨዳል። ድርቆሹ ሲከመር ከላይ ሆኖ የሚረግጠው ሰው ያስፈልጋል፤ ካልተረገጠ ዝናብ ገብቶት ይሻግታል። አዋቂ ከረገጠው ክምሩ ይንጋደዳል ስለሚሉ ሥራው የልጆች ነበር። ሌንሴና እኔ ጫማችንን አውልቀን እንወጣለን። ገመቹ ከሥር በመንሹ እያነሳ ይወረውርልናል። ሣሩ ቁርጭምጭሚቴን ይቧጥጠኛል፤ ከላይ ደረቅ ነው፣ ወደ ውስጥ ሲሄዱ ግን እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

«ፒያሳ! ረግጪው እንጂ! ሣር ነው፣ እንቁላል አይደለም!» ይላል ገመቹ። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም።

«እሷ አስፋልት ነው የለመደችው» ትላለች ሌንሴ።

«ፒያሳ፣ ዛሬም ዝም? ምላስሽን ታክሲ ውስጥ ረስተሽው ነው የመጣሽው?»

እኔ ይበልጥ በኃይል እረግጥ ነበር፤ መልሴ እሱ ነበር።

ኦቦ ደገፋ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆመው ሰላም ይሉናል። የእሳቸው ሰላምታ እንደ እኛ «እንደምን አደራችሁ» ተብሎ አያልቅም። «አካም ቡልተን? ነጋ?» ብለው ይጀምሩና ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፣ ቤቱ ደህና ነው ወይ፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ይላሉ። እናቴ ወይዘሮ ስንዱ ኦሮምኛ ገና አልያዘላትም ነበር፤ ለሁሉም «ነጋ፣ ነጋ»፣ ደህና ማለት ነው፣ እያለች ትመልሳለች። አንድ ቀን እናቴ ስላልነበረች ለእኔ ደረሰኝ። «ሎን ነጋ?» ሲሉኝ፣ ከብቶቹስ ማለታቸው ነው፣ መዋሸት ስለፈራሁ «እኛ ላም የለንም» አልኳቸው። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያው ሰሞን ቀያሾች መጡ። መነጽር በሚመስል ነገር እያዩ፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል በሜዳው ላይ ተክለው ሄዱ። ሌንሴና እኔ መንግሥት የጥጃ ማሰሪያ የተከለልን መስሎን ደስ አለን። ሌንሴ ወዲያው የላሟን ጥጃ አምጥታ አንዱ ላይ አሰረችው። ገመቹ ሲያየን ሮጦ መጥቶ ገመዱን ፈታና፣ ችካሉን በእግሩ መታው።

«ማን እሰሩበት አላችሁ?»

«ማን ተከለው?» አለች ሌንሴ።

«ማስተር ፕላን።»

ለብዙ ቀን ማስተር ፕላን ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ወፍራም፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ከመኪናው የማይወርድ ሰው። ሰዎች በአማርኛም በኦሮምኛም ሲያወሩ ስሙ ይመጣል። «ማስተር ፕላን ሊበላን ነው» ሲሉ ስሰማ፣ ሌንሴን ይህ ሰውዬ ምን ያህል ቢበላ ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ሜዳውን በሙሉ» አለችኝ። አሁን ሳስበው ከሁለታችን እሷ ልክ ነበረች።

ኅዳር ላይ ክፍል ውስጥ መምህራችን ስለ ሀገር አስተማሩን። «ሀገር ማለት እትብታችን የተቀበረበት ምድር ነው» አሉና በየተራ እንድንናገር አደረጉ። አንዱ ጎጃም አለ፣ አንዷ ወሎ፣ አንዱ ጫንጮ፣ ብዙዎቹ ሱሉልታ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ። መምህሩ ዓይናፋርነቴን ስለሚያውቁ አለፉኝ። እኔ ግን ያፈርኩት መናገሩን አልነበረም፤ መልሱን አላወቅኩትም።

ቤት ስደርስ እናቴን ጠየቅኳት። ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ወገቧን ይዛ ነው የምትሠራው።

«እማዬ፣ እትብቴ የት ነው የተቀበረው?»

«የምን እትብት?»

«የኔ።»

«አንቺ ሆስፒታል አይደል የተወለድሽው! እዚያ ማን ይቀብራል? ጥለውት ይሆናል እንጂ።»

«የት?»

«እኔ ምን አውቄ! ሂጂ ውኃ ቅጂልኝ።»

ማታ አባቴን ጠየቅኩት። የእሱ ጎጃም ነው፣ አባቱ ግቢ፣ ከበረቱ አጠገብ። ይህንን ሲነግረኝ ድምፁ ተለወጠ። እሁድ እሁድ አስፋልቱ ዳር ቆሞ የጎጃም አውቶቡሶችን የሚያየው ለምን እንደሆነ ያን ማታ የገባኝ መሰለኝ። የእናቴም ጎንደር ተቀብሯል። የእኔ ብቻ ተጥሏል። በልጅ ሒሳቤ ይህ ማለት አንድ ነገር ነው፤ እኔ ሀገር የለኝም።

በነጋታው ሌንሴ እጄን ይዛ ሜዳው ዳር ወዳለችው ብቸኛ ጽድ ወሰደችኝ። «የኔ እዚህ ነው» አለች ሥሩን በእግሯ እየነካች። «የገመቹም፣ የአያቴም።» ከዚያ በሣሩ ውስጥ የምትግጠውን ቡሬ የምትባል ላም አሳየችኝ። ቡሬ የሌንሴ ሃንዱራ ናት። በእነሱ ልማድ ልጅ ሲወለድ እትብቱን አስበው ጥጃ ይሰጡታል፤ ጥጃዋ ከልጁ ጋር ታድጋለች፣ ትወልዳለች፣ የወለደችውም የልጁ ነው።

«ያንቺስ?» አለችኝ።

«ጠፍቷል።»

«እንዴት ይጠፋል? ጫማ ነው?»

«ጠፍቷል አልኩሽ።»

«እንግዲያው አንቺ የማንም አይደለሽም ማለት ነው» አለች፤ በክፋት አይደለም፣ ሐሳቡ ስለገረማት ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ጽዷ አጠገብ ስደርስ ዞሬ አልፍ ነበር።

ረብሻው ሱሉልታ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ነደደ። የጎማው ጭስ የደረቀው ሣር ሽታ ላይ ሲተኛ ምላሴ ላይ ይመጣ ነበር። ተኩስ ሲሰማ እናቴ ከአልጋ ሥር ታስገባኛለች፤ እሷ ግን በሆዷ ምክንያት መግባት ስለማትችል አልጋው ላይ ትቀመጣለች። እግሯን ይዤ እቆያለሁ።

ከዚያ ገመቹን ወሰዱት። እኔ ሲወስዱት አላየሁም፤ ያየሁት አዴ ወርቄ መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲነክሱ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የግቢው ሰላምታ ቆመ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ኦቦ ደገፋ ጠዋት ወጥተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ፣ ማታ ሲመለሱ በራችንን ሳያዩ ያልፋሉ። አባቴ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር፤ አዴ ወርቄ አንድ ጊዜ ትክ ብለው ሲያዩት አየሁ። በማግሥቱ አባቴ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ሌንሴም እንዳትጫወት ተነግሯት ይሁን ወይም ራሷ፣ እንጃ፣ ከደጃፋቸው ሆና ታየኛለች፣ እኔም ከደጃፋችን ሆኜ አያታለሁ። እናቴ ማታ ማታ «ቤት ፈልግ እንጂ» ትላለች አባቴን። እሱ «የት? ማን አለን?» ይላል። እኔ ደግሞ ብርድ ልብሴ ሥር ሆኜ፣ ሀገር ያላቸው ሰዎች እንዲህ የሚጨነቁ ከሆነ እኔስ ምን ልሆን ነው እላለሁ።

የእናቴ ምጥ የመጣው መንገድ በተዘጋበት ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። አባቴ ከማለዳ ወደ አዲስ አበባ ተሻግሮ መመለሻ አጥቷል። ጤና ጣቢያው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ አስፋልቱ ላይ ደግሞ ተኩስ አለ። እናቴ የአልጋውን እንጨት ጨብጣ «ሂጂ፣ አዴ ወርቄን ጥሪያቸው» አለችኝ።

ያ ግቢ ትንሽ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቋርጠው አላልቅ አለኝ። በሩን አንኳኳሁ፤ አዴ ወርቄ ወጡ። በአማርኛ ላውራ ወይስ በኦሮምኛ፣ የትኛው ይሻላቸው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም ጠፉብኝ።

«ማሊ?» አሉኝ፣ ምንድን ነው።

አለቀስኩ። እሳቸው ፊቴን አዩ፣ ወደ ቤታችን አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አደረጉ። «ሌንሴ! ቢሻን ዳንፊሲ! ውኃ አፍዪ፣ ቶሎ!» እያሉ አልፈውኝ ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ «ስንዱዬ፣ መጣሁ፣ አለሁልሽ» ሲሉ ሰማሁ። ገመቹ ከተወሰደ ወዲህ የእናቴን ስም ሲጠሩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሌንሴና እኔ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጠን ጠበቅን። ሌንሴ ከነጠላዋ ግማሹን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ልጅ አለቀሰ። አዴ ወርቄ እጃቸው እስከ ክርናቸው ረጥቦ ብቅ አሉ። «ኢልማ! ወንድ ነው!» ብለው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ልጃቸው እስር ቤት ነዋ። እልልታውን ዋጡት።

አባቴ በማግሥቱ እንጦጦን በእግሩ አቋርጦ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነበር።

ከሳምንት በኋላ የወንድሜ እትብት ደርቆ ወደቀ። እናቴ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ከትራሷ ሥር አስቀመጠችው። ሄጄ እያነሳሁ አየው ነበር። ሲያዩት ምንም አይደለም፤ እንደ ደረቀ ጥቅልል ቅጠል ነው። እኔ ያጣሁት ይህንን ነው ለማለት እንኳን የሚያሳፍር ነገር ነው። ግን የት ሊያደርጉት ነው የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ኦቦ ደገፋ ሊጠይቁን መጡ። ከበሩ ጎንበስ ብለው ገቡ፣ አባቴ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ተቀመጡና፦

«አያሌው፣ እትብቱ ወደቀ አሉኝ።»

«አዎ ኦቦ። ስንዱ አስቀምጣዋለች።»

«ለምን ይቀመጣል? ዘር ነው?»

«መንገዱ ሲከፈት ጎጃም ልወስደው ነው፤ አባቴ ግቢ።»

«እዚህ ተወለደ። እትብቱ አውቶቡስ ይሳፈራል?»

እናቴ ፈገግ አለች። አባቴ ግን አልሳቀም። እጆቹን እያሻሸ፣ ቃል እየመረጠ ተናገረ።

«ኦቦ ደገፋ፣ አይቀየሙኝ። አሁን ሰው የሚሞተው በመሬት ነው። እኔ ተከራይ ነኝ። ነገ ይህ ልጅ አድጎ በእርስዎ መሬት ላይ ‹እትብቴ የተቀበረበት ነው› እንዲል አልፈልግም። ስንቱ መጥቶ ሰፍሮባችኋል። ከእነሱ እንዳልቆጠር ፈራሁ።»

ኦቦ ደገፋ አባቴን አተኩረው አዩት።

«መሬቴን የወሰደብኝ እትብት አይደለም» አሉ። «መሬቴን የሚወስዱት ምንም የማይቀብሩበት ናቸው።» ድምፃቸው ተሰበረ። «የኔን ልጅ ነቅለው ወሰዱት። እስኪ ያንተን ልትከል።»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ እጇን ከትራሷ ሥር አስገባች።

በዚያው ጠዋት ወጣን፤ ኦቦ ደገፋ ዶማ ይዘው ከፊት፣ አባቴ ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሌንሴና እኔ ከኋላ። እናቴ አራስ ስለሆነች ከበሩ ላይ ቀረች። ሜዳው ታጭዶ ራቁቱን ነበር። ኦቦ ደገፋ በቀጥታ ወደ ጽዷ ሄዱ። ቀዩ ችካል ከጽዷ ትንሽ ወዲያ ቆሟል፤ ጽዷን ከውስጥ አስገብቷታል።

«ኦቦ፣ ይህ እኮ ሊወሰድ ነው ተብሎ የተለካው ነው» አለ አባቴ። «ቤቱ አጠገብ አይሻልም?»

«ይወስዱት ይሆናል። ለልጅ የምሰጠው ቦታ ግን ይህ ነው። የኔም እዚህ፣ የገመቹም እዚህ።»

መሬቱ ጥቁር ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ዶማው ሲያርፍ እንደ ሸክላ ይጮሃል። አባቴ ዶማውን ተቀብሎ ቆፈረ። ላቡ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጨርቁን ለእኔ ሰጠኝ። ምንም አይመዝንም። ያንን የማይመዝን ነገር እንደያዝኩ፣ ያ ሁሉ ሰሞን ይዤው የከረምኩት ጥያቄ ወጣ።

«የኔስ?»

አባቴ መቆፈሩን አቆመ።

«የኔ የት ነው? እኔስ የት ነኝ?»

ለራሴ ጆሮ እንግዳ የሆነ ትልቅ ድምፅ ነበር። ሌንሴ አፏን ከፍታ አየችኝ። አባቴ «ያንቺማ…» አለና ተወው። ኦቦ ደገፋ ምን እንዳልኩ በደንብ እንዲገባቸው ሌንሴን በኦሮምኛ ጠየቋት፣ ነገረቻቸው። ተረት ይነግሩኛል፣ ወይም ያባብሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«አላውቅም፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። «ለዚህ መልስ የለኝም።»

እንደ ትልቅ ሰው ነበር የነገሩኝ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አመለከቱኝ። «አስገቢው። አፈሩንም አንቺ መልሺው።»

ተንበረከክኩ። ጨርቁን ከታች አኖርኩት፤ አፈሩን በእጄ እየሰባበርኩ መለስኩ። ጓል ጓሉ መዳፌን ይወጋኛል። ውስጡ እርጥብ ነበር፤ ከላይ እንዲያ የተሰነጠቀ መሬት ከሥሩ ውኃ ይኖረዋል ብዬ አልጠበቅኩም። ማንም አላገዘኝም፣ ማንም አላቻኮለኝም። ስጨርስ ኦቦ ደገፋ መረቁ፤ እኛ «አሜን» አልን።

በዚያው ሳምንት፣ ሌንሴ እሺ ብላ፣ ለወንድሜ የቡሬን ጥጃ ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ቆመው ሰላምታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይጠይቁናል፤ ከብቶቹስ ሲሉ ጥጃዋን የማጠጣው እኔ ስለሆንኩ እኔ እመልሳለሁ። ገመቹ ከፋሲካ በኋላ ተፈታ። ከስቷል፤ ለብዙ ጊዜ በማንም አልቀለደም። እኛም ወንድሜ ገና መራመድ ሳይጀምር ከሱሉልታ ወጣን። ማንም ውጡ ያለን የለም። እናቴ ተኩስ በሰማች ቁጥር ጡቷ እየደረቀ አስቸገራት እንጂ። ጥጃዋ እዚያው ቀረች።

ኦቦ ደገፋ ካረፉ ቆይተዋል። ጽዷ ተቆርጣለች። ሜዳው ላይ መጋዘኖች ተሠርተዋል፤ ጣሪያቸው ከሩቅ ያብረቀርቃል።

ዘንድሮ አባቴና ወንድሜ ዘመድ ለመጠየቅ ጎጃም ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሱሉልታ ስንደርስ አባቴ በመስኮቱ አሻግሮ «ያውልህ፣ እትብትህ የተቀበረው እዚያ ነው» አለው ወንድሜን። ወንድሜ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አወጣና «የቱ ጋ?» አለ፤ ብዙም ሳይጓጓ። የት ነህ ሲሉት ኮዬ ነኝ የሚል ልጅ ነው።

አባቴ የሚያመለክተው በተሳሳተ በኩል ነበር።

«አይደለም» አልኩ። ድምፄ ስለጎላ ከፊታችን የተቀመጡት ዞሩ። ደነገጥኩ፤ ግን አልተውኩትም። «በዚህ በኩል ነው። ከሦስተኛው መጋዘን ጀርባ፣ አጥሩ የሚታጠፍበት ጋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ አባቴ። «እኔ እኮ ነኝ የቆፈርኩት።»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ወንድሜ መጋዘኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«አፈሩን የመለስኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

አውቶቡሱ ወደ ጫንጮ ታጠፈ፤ ወንድሜና እኔ አጥሩ ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ በመስኮቱ ወደ ኋላ እናይ ነበር።